የንጉሠ ነገሥቱ ሰዓትና ባሕረ ሐሳብ

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው የአገራቸውን አቤቱታ ባሰሙባት በጄኔቫ፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2015 የእጅ ሰዓታቸው ለጨረታ ቀረበ። ቤተሰባቸው የባለቤትነት ጥያቄ ስላነሣ ክሪስቲስ ከሽያጩ አወጣው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ግን እዚያው ከ2 ሚሊዮን በሚበልጥ የስዊስ ፍራንክ ተሸጠ። እኔ ብጠየቅ ኖሮ ቦታው ስድስት ኪሎ፣ የመኝታ ክፍላቸው በተጠበቀበት በገነተ ልዑል ነው እል ነበር።

ሰዓቱ ፓቴክ ፊሊፕ 2497 ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1839 የተመሠረተው ኩባንያ፣ ሠሪዎቹ «ዘላለማዊ» የሚሉትን የቀን መቁጠሪያ በ1925 ለመጀመሪያ ጊዜ በእጅ ሰዓት ውስጥ አኖረ፤ በተከታታይ ማምረት የጀመረው ግን በ1941 ነው። በ1950ዎቹ መባቻ የወጣው 2497 የሰከንዱን ቆጣሪ ከታችኛዋ ትንሽ ክብ አንሥቶ መካከል ላይ ተከለው። ዕድሜዬን የበሽተኛ ትርታ ስቈጥር የኖርሁ ነኝና፣ ከወርቁ ይልቅ ይህን አደንቃለሁ። በ1962 ደግሞ በክንድ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላው 3448 ተከተለ።

የመሣሪያው ልብ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ የሚዞር መንኰራኵር ነው። በጠርዙ ላይ የተቈረጡት ጎድጓዶች የየወሩን ርዝመት ይናገራሉ፤ ጥልቆቹ የፌብሯሪ ናቸው፤ ከአራቱም አንዱ 29ኛዋን ቀን ያስገባል። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ደብተራ ይህን ለመረዳት የእጅ ባለሙያ አያስፈልገውም። ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ እየተፈራረቁ ይዞራሉ፤ በሉቃስ ማብቂያ ጳጉሜን 6 ትሆናለች።

ልዩነቱ የሚመጣው በምዕት ዓመት ነው። የጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ400 የማይካፈለውን ምዕት ዓመት ሠግር አያደርግም፤ መንኰራኵሩ ግን አራትን እንጂ አራት መቶን አያውቅም። የእኛው አቆጣጠር አንዲት ሠግር ስለማይዘል፣ ለ13 ወር የተቈረጠ ሰዓት ቢኖር የማንም እጅ ሳይነካው በሄደ ነበር። እርግጥ ነው፣ ያን ጊዜ ፀሐይን የምንስተው እኛ ነን።

አዋጃቸውን በዓመተ ምሕረት ሲያወጡ የኖሩት ንጉሥ በክንዳቸው ያሰሩት የሌላውን ዘመን ነበር። በወረዱባት በመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሰዓቱ በትክክል ቢሞላ ኖሮ የሚያሳየው ሴፕቴምበር 12 ነው። እኔም በሴንት ፖል ለአገሬ ሽማግሌዎች ቀጠሮ ስጽፍ በሁለቱም አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ አለዚያ በሌላ ቀን ይመጣሉ።

እ.ኤ.አ. በፌብሯሪ 28 ቀን 2100 ማግስት ሲነጋ ሰዓቱ ፌብሯሪ 29 ይላል። ያን ጊዜ ባለቤቱ የሆነ ሰው ወደ ማርች 1 በእጁ ይመልሰዋል። ዕለቱ በእኛ የካቲት 21 ቀን 2092 ዓ.ም.፣ ዘመነ ዮሐንስ ነው።