ዲጂታል ዜግነት፦ የቃሉ ፍችና የጂንካ ተማሪ

ከባሕር ማዶ ትምህርት ቤቶች ተነሥቶ ወደ እኛም መማሪያ ክፍሎች በመግባት ላይ የሚገኘው «ዲጂታል ዜግነት» የተባለው ቃል፣ ሰው በስልክና በኮምፒዩተር አማካይነት ከባልንጀራው ጋራ በሚገናኝበት፣ በሚገበያይበት፣ በሚማርበትና በሚከራከርበት ሥፍራ ሁሉ ራሱን ከጉዳት ጠብቆ፣ የሌላውንም ክብርና ምሥጢር ሳይደፍር፣ መብቱን እያወቀና ግዴታውን እየፈጸመ የሚኖርበትን ዕውቀትና ምግባር አጠቃልሎ ያመለክታል።

እንደ መጻሕፍት መምህራን ልማድ «አንድም» እየተባለ ቢተረጎም ሁለት ፍች ይገኝለታል። እ.ኤ.አ. በ2007 ካረን ሞስበርገር ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋራ ባሳተሙት መጽሐፍ ዲጂታል ዜግነት በኢንተርኔት አማካይነት በማኅበራዊ ኑሮ ለመሳተፍ መቻል ነው። አንድም፣ በዚያው ዓመት ማይክ ሪብልና ጄራልድ ቤይሊ ለትምህርት ቤቶች ባዘጋጁትና ነገሩን በ9 ክፍል ባብራሩበት መጽሐፍ እንደ ተጻፈው፣ በመሣሪያው የሚገለገል ተማሪ ሊጠብቀው የሚገባ ሥርዐት ነው። በየአገሩ ያሉ ትምህርት ቤቶች ይበልጡን የያዙት ሁለተኛውን ፍች ሲሆን፣ የኮምፒዩተሩ ቁጥር ከተማሪው ቁጥር ጋራ በማይመጣጠንበት አገር የፊተኛውን ትቶ የኋለኛውን ብቻ ማስተማር፣ ፈረስ ላልያዘ ሰው የግልቢያ ደንብ እንደ ማስጠናት ይሆናል።

ወደ አማርኛው ስንመጣ፣ ከግእዙ «አኃዝ» አውጥቶ «አኃዛዊ ዜግነት» ማለት ይቻላል፤ ለጆሮም አይከፋም። ነገር ግን ባንኩም መሥሪያ ቤቱም «ዲጂታል» የሚለውን ከለመደው ወዲህ፣ በጂንካ የቅዳሜ ገበያ መካከል ቆሞ «አኃዛዊ» የሚል ሰው የሒሳብ መምህር መስሎ ከመታየት በቀር ትርፍ የሚያገኝ አይመስለኝም። ይልቁንስ ማብራሪያ የሚያሻው «ዜግነት» የሚለው ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 378/1996 እንደምናየው በሕግ ቋንቋችን ይህ ቃል ሰው ከመንግሥቱ ጋራ ያለውን የሕግ ትስስር ስለሚያመለክት፣ አዲሱን ቃል የሰማ ወላጅ ወይ ፓስፖርት ወይ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው የፋይዳ መታወቂያ ይመስለዋል። ኢስቶኒያም እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምራ ለባዕዳን የምትሰጠው የኤሌክትሮኒክ ነዋሪነት ሌላ ነው። ዲጂታል ዜግነትን የሚሰጥም የሚነሣም መንግሥት የለም፤ በትምህርትና በልምምድ የሚገኝ ጠባይ ነውና።

በጂንካና በደቡብ ኦሞ ይህን ጠባይ ለማስተማር ከሁሉ አስቀድሞ መነሻ ሊሆን የሚገባው ፎቶግራፍ ነው እላለሁ። የኦሞ ሸለቆ ሰው መልክ፣ ስልክ ወደ ሸለቆው ከመግባቱ ብዙ ዘመን ቀድሞ ዓለምን ዞሯል። ከጂንካ ተነሥቶ በማጎ ብሔራዊ ፓርክ በኩል ወደ ሙርሲ መንደሮች የሚወርደው አገር ጎብኚ በየሰዉ እየከፈለ ፎቶግራፍ ሲያነሣ፣ ሸክላ በከንፈራቸው ያደረጉት ሴቶችም ዋጋውን ሲከራከሩ መታየታቸው የቆየ ነገር ነው። በሙርሲዎች ዘንድ ለብዙ ዓመታት ጥናት ያደረጉት እንግሊዛዊው ዴቪድ ተርተን እ.ኤ.አ. በ2004 ስለ ከንፈር ሸክላና ስለ ፎቶግራፍ አንሺዎች ባወጡት ጽሑፍ፣ ይህ ልውውጥ ገንዘቡ ቢከፈልም የሁለቱን ወገን ክብር እኩል የሚያደርግ እንዳልሆነ አመልክተዋል።

እንግዲህ የአሪ፣ የሐመር፣ የበና ወይም የሙርሲ ልጅ ሆኖ በጂንካ የሚማረው ወጣት፣ መልክን ያለ ፈቃድ መውሰድ ምን ማለት እንደሆነ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዘመዶቹ ያውቀዋል። ስልክ በእጁ በገባ ጊዜ ግን ቦታው ይለወጣል፤ ትላንት የሚነሣ የነበረው ዛሬ አንሺ ይሆናል። የሐመር ጎረምሳ ከብት በሚዘልበት በዓል እኅቶቹና የአጎቱ ልጆች ወደው የሚቀበሉት ግርፋት፣ በዚያ ላሉት የዝምድናና የቃል ኪዳን ምልክት ሲሆን፣ ግማሽ ደቂቃ ተቆርጦ በቲክቶክ ሲወጣ ግን ከሩቅ ለሚያየው ሰው ወይ ጭካኔ ወይ መሳለቂያ ሆኖ ይቀራል፤ የተቆረጠውም ክፍል ከተገረፈችው ሴት ስም ጋራ ተያይዞ ይኖራል።

ሕጉ በዚህ ረገድ ከስልኩ ይበልጥ አሮጌ ነው። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 27 የሰውን ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ከልክሏል። በሚከተለው ቁጥር ደግሞ ሰውየው የታወቀ ወይም ባለ ሥልጣን ቢሆን፣ ወይም ፎቶግራፉ በአደባባይ ከተደረገ ሁኔታ ጋራ የተያያዘ ቢሆን ፈቃድ እንደማያስፈልግ ይናገራል። ከዚህ የተነሣ የከብት ዝላዩ በዓል በሕጉ ፊት ክፍት በር ሊያገኝ ይችል ይሆናል፤ የኅሊና ጥያቄ ግን በዚህ አይዘጋም። መምህሩ ተማሪውን «ፈቃድ ጠይቀሃል ወይ? በምን ቋንቋ ጠየቅህ? ማን ማን እንደሚያየውስ ነግረሃታል?» ብሎ ሊጠይቀው ይገባል፤ በደጇ ላይ ለተቀመጠ እንግዳ እሺ ያለች እናት ለማታውቃቸው አእላፍ ሰዎች እሺ አላለችምና። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የቆመው ፈቃድ ታውቆና ተረድቶ ሊሰጥ ይገባል በሚል መሠረት ላይ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ከዘመን አቈጣጠራችን የሚመጣ ስለሆነ በባዕድ መጻሕፍት አይገኝም። በ2006 ዓ.ም. የተወለደ የ12 ዓመት ልጅ በፌስቡክ ወይም በቲክቶክ ገጽ ሲከፍት የልደት ዓመቱን ቢጠየቅና አንዳች ሳይዋሽ 2006 ብሎ ቢጽፍ፣ ድርጅቱ በፈረንጅ ስለሚቈጥረው ልጁ ሳያስበው የ20 ዓመት ጎልማሳ ሆኖ ይመዘገባል። ፌስቡክና ቲክቶክ ከ13 ዓመት በታች ያለውን አይቀበሉም፤ ቲክቶክም ከ16 ዓመት በታች ላለው የግል መልእክት መላላክን ዘግቷል፤ ይህ ሁሉ አጥር ግን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ልዩነት ይፈርሳል። ለልጁ ዓመቱን ወደ እ.ኤ.አ. መልሶ እንዲጽፍ ማሳየት አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ 13 ያልሞላውንም «ገና ነህ» ብሎ መመለስ ያስፈልጋል።

የቀረውን በአጭሩ ልለፍ። የቴሌብር ምሥጢር ቁጥር ለደዋይ አይነገርም፤ «ሽልማት ደርሶሃል» የሚለውም ሰው ቢሆን የሚፈልገው ይኸንኑ ነው። ልጆችን በብልግና ምስል መጉዳትንና ሰውን በመልእክት ማስፈራራትን የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በወንጀል ያስቀጣል። ካፍ የወጣ አፋፍ ነውና፣ ሐሰተኛ ወሬ ማሰራጨትን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ወሬው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሲሰራጭ ቅጣቱን ያከብደዋል።

ይህን ሁሉ የሚያስተምረው ማን ነው? በሐምሌ 2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና፣ ፕሮግራም አጻጻፍንና የዳታ ሳይንስን ያስተምራል፤ ምግባሩ ግን የእርሱ ሥራ አይደለም። የኮምፒዩተሩ መምህር መሣሪያውን፣ የዜግነት ትምህርቱ መምህር ሕጉን ያውቃሉ፤ ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ክፍለ ጊዜ አብረው ቢገቡ እወዳለሁ። የፈተናውም ጥያቄ «ዲጂታል ዜግነት ምንድር ነው?» ከሚሆን ይልቅ፣ ተማሪው ፎቶግራፍ ለማንሣት ፈቃድ የሚጠይቅበትን ንግግር፣ ምስሉ ወዴት እንደሚሄድ ጭምር፣ በአሪኛ ወይም በሐመርኛ ለአያቱ እንዲያዘጋጅ የቤት ሥራ ቢሰጠውና መልሷን ይዞ ቢመለስ ይሻላል።