ነገርን ከሥሩ፣ ሙዚቃን ከቤዙ

ሂፕ ሆፕ ሲነሳ ሁላችንም ቀድመን የምናወራው ስለ ቃሉ ነው። ማን ማንን ወጋ፣ ማን ቤት መታ፣ የማን አፍ ፈጠነ። ዛሬ ግን ከቃሉ ሥር ስላለው ነገር እናውራ፤ ስለ ቤዝ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይባል የለ? ሥሩን ካላዳመጡት የማይገባ አንድ አልበም አለ። «ዘ ሎው ኤንድ ቲዎሪ» ይባላል፤ የኒው ዮርኮቹ «ኤ ትራይብ ኮልድ ክዌስት» ሴፕቴምበር 24 ቀን 1991 ያወጡት ሁለተኛ አልበማቸው ነው። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙን ወደ አማርኛ ብንመልሰው «የታችኛው ጫፍ ንድፈ ሐሳብ» የሚል ነገር ይወጣዋል፤ አያምርም። ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ ግን ነገሩ አይከብድም። ሰሙ የቤዝ ድምፅ ነው። ወርቁ በአሜሪካ ኅብረተሰብ የታችኛው ጫፍ ላይ እንዲቀመጥ የተፈረደበት ጥቁር ነው።

ስለዚህ አልበም ብዙ ተብሏል። ጃዝንና ሂፕ ሆፕን አጋባ ተባለ፣ ለስላሳ ነው ተባለ፣ «ለሚያስቡ ሰዎች የተሠራ ራፕ» ተባለ። እኔ እንደማዳምጠው ከሆነ ግን አልበሙ ስለ ዕዳ ነው። ልጅ ከአባቱ የሙዚቃ ሣጥን ሲወስድ ምን ይከፍላል? ለማንስ ይከፍላል?

እስቲ ከሰዎቹ እንጀምር። ኪው ቲፕ፣ ፋይፍ ዶግ እና አሊ ሻሂድ መሐመድ ይባላሉ። ኪው ቲፕና ፋይፍ በኩዊንስ አብረው ያደጉ የሰፈር ልጆች ናቸው። የመጀመሪያ አልበማቸው በ1990 ሲወጣ ፋይፍ ገና ዳር ላይ ነበር፤ ብዙ ዘፈኖች ላይ ድምፁ የለም። በዚያው ዓመት የስኳር በሽታ እንዳለበት ተነገረው። በሁለተኛው አልበም ግን ከጓደኛው እኩል ቆመ። የኪው ቲፕ ድምፅ ዝግ ያለና አሳቢ ነው፤ የፋይፍ ቀጭን፣ ቶሎ የሚመልስና ነገረኛ ነው። አንዱ ሲናገር ሌላው ከአፉ ይቀበለዋል። ጃዝ ውስጥ ትራምፔትና ሳክስፎን የሚያደርጉትን እነሱ በአፋቸው ያደርጉታል።

አልበሙ ሲከፈት ድራም የለም፤ ቤዝ ብቻውን ይገባል። ይህ ቤዝ የተወሰደው ከድራመሩ አርት ብሌኪ ባንድ የ1973 ሸክላ ነው። እዚያ ላይ በሦስት በሦስት ይራመድ የነበረውን ልጆቹ ቆርጠው በአራት እንዲራመድ አድርገውታል። በዚህ ቤዝ ላይ ኪው ቲፕ ስለ አባቱ ያወራል፤ አባቱ የልጃቸውን ሂፕ ሆፕ ሲሰሙ በዘመናቸው የነበረው ቢባፕ ትዝ እንዳላቸው ይተርካል።

ይህ ንጽጽር ከአባትና ልጅ ጨዋታ ያለፈ ነው። ቢባፕ በ1940ዎቹ መጀመሪያ በሐርለም ትንንሽ ቤቶች ውስጥ፣ በተለይም በሚንተንስ ፕሌይሃውስ፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ የሚሰባሰቡ ወጣቶች የፈጠሩት ሙዚቃ ነበር። ትልልቆቹ አልወደዱትም፤ ሉዊ አርምስትሮንግ ራሱ በአደባባይ ተችቶታል። ሂፕ ሆፕም በ1973 ብሮንክስ ውስጥ፣ ዲጄ ኩል ኸርክ ባዘጋጀው የሕንፃ ውስጥ ጭፈራ ተጀመረ ሲባል እናውቃለን። እሱንም ትልልቆቹ «ይኼ ደግሞ ሙዚቃ ነው?» ብለውታል።

ዋናው መመሳሰላቸው ግን ሌላ ነው፤ ሁለቱም ከሰው ወስደው ነው የሠሩት። ቻርሊ ፓርከር በ1945 «ኮ ኮ»ን ሲቀዳ ከሥሩ ያለው ኮርድ በ1938 ሬይ ኖብል ከደረሰው «ቸሮኪ» የመጣ ነበር። ዜማውን ጥሎ ኮርዱን አስቀረ፣ በላዩ ላይ የራሱን ሠራ። የኮርድ ቅደም ተከተል በቅጂ መብት አይያዝም ነበርና አዲሱ ዜማ የራሱ ሆነለት። የሂፕ ሆፕ ልጆች ዕድል ግን ከዚህ ይለያል። እነሱ የወሰዱት ሐሳቡን ሳይሆን ድምፁን ራሱን ነው፤ የሰውየውን ጣት፣ የክፍሉን አየር፣ የሸክላውን ጭረት ጭምር። (ጭረቱን እንኳ የድምፅ ባለሙያው ቦብ ፓወር በትዕግሥት አጽድቶታል፤ አልበሙ ያን ያህል ጥርት ያለው በእሱም ምክንያት ነው።)

የዕዳው ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ትራይቦች በመጀመሪያ አልበማቸው ውስጥ ከሉ ሪድ የ1972 ዘፈን ታዋቂ የቤዝ መስመር ወስደው ነበር። ዘፈኑ ተወደደ፤ ፋይፍ ከዓመታት በኋላ ሲናገር ግን ገንዘቡ ለእነሱ አልደረሰም፣ ወደ ሉ ሪድ ሄደ። «ይገባዋል፣ የሱ ነዋ!» ትሉ ይሆናል። ያንን ቤዝ የተጫወተው ግን ሉ ሪድ አይደለም፤ ኸርቢ ፍላወርስ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። መስመሩን በሁለት መሣሪያ ደራርቦ የተጫወተው ድርብ ክፍያ ለማግኘት ነበር፤ የተከፈለውም የስቱዲዮ የቀን ሒሳቡ ብቻ ነው። እንግዲህ ሕጉ ዕዳውን አስከፍሏል፤ የከፈለው ግን ጣቱ ለሠራው ሰው ሳይሆን ወረቀቱ በስሙ ለሆነው ነው።

ዲሴምበር 1991 ላይ፣ ይህ አልበም በወጣ በሦስተኛው ወር፣ ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ ዳኛ ቢዝ ማርኪ በሚባለው ራፐር ላይ ፈረደ። ጥፋቱ የጊልበርት ኦሱሊቫንን ዘፈን ሳያስፈቅድ መውሰዱ ነበር። ዳኛው ፍርዱን የከፈቱት «አትስረቅ» በሚለው የመጽሐፍ ቅዱስ ትእዛዝ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ሸክላ ቆራርጦ አንድ ዘፈን መሥራት የባለጠጋ ሥራ ሆነ። ዳኛው ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል አልልም፤ ሳያስፈቅዱ መውሰድ መውሰድ ነው። ግን ጥያቄው «ሰረቅህ ወይስ አልሰረቅህም» ብቻ ሲሆን ኸርቢ ፍላወርስን የመሰሉ ሰዎች ከሒሳቡ ይወጣሉ።

ይህን አልበም የምወደው ሌላ መንገድም እንዳለ ስላሳየኝ ነው። አምስተኛው ዘፈን ላይ ያለው ቤዝ ከሸክላ የተወሰደ አይደለም። ልጆቹ አንጋፋውን ሮን ካርተርን ጋብዘው ራሳቸው መጥተው ደብል ቤዝ ተጫወቱላቸው። እኚህ ሰው ከ1963 እስከ 1968 ከማይልስ ዴቪስ ጋር የተጫወቱ ናቸው፤ በ2015 ከ2,200 በላይ ቅጂዎች ላይ በመሳተፍ የዓለም ክብረ ወሰን መዝጋቢ ስማቸውን ጽፏል። ሲጋበዙ ግጥሙ ከስድብ የጸዳ እንዲሆን ጠየቁ፤ ልጆቹም እሺ አሉ። ዘፈኑ መጨረሻ ላይ ኪው ቲፕ በስማቸው ያመሰግናቸዋል። ክፍያ፣ ስምና ምስጋና አንድ ላይ ሆነ ማለት ነው። አልበሙ በወጣ በአራተኛው ቀን፣ ሴፕቴምበር 28 ቀን 1991፣ ማይልስ ዴቪስ አረፈ። አንድ ትውልድ ሲያልፍ የእሱ ቤዝ ተጫዋች በሚቀጥለው ትውልድ አልበም ላይ ስሙ ተጠርቶ ነበር።

አልበሙ እንከን የለውም እያልኩ አይደለም። ስለ አስገድዶ መድፈር የሚያወራው ዘፈን፣ ጉዳዩን ያኔ በማንሳቱ ብቻ ሲመሰገን ሰምቻለሁ። እኔ ግን በሴት ጆሮ ስሰማው አልተዋጠልኝም፤ ጭንቀቱ ከተጎዳችዋ ይልቅ «እንዳልጠረጠር» ወደሚለው ወንድ ያጋድላል። ለአባቶቻቸው ያን ያህል ጆሮ የሰጡ ልጆች ለእኩዮቻቸው ሴቶች ያንኑ ጆሮ አልሰጡም።

ነገሩ እኛንም ይነካል። በ2010 ናስና ዴሚያን ማርሊ «ዲስታንት ሬላቲቭስ»ን ሲያወጡ የመጀመሪያው ዘፈን የቆመው በጋሽ ሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ላይ ነበር። ጋሽ ሙላቱ ደግሞ ቦስተን ጃዝ ተምረው፣ በ1966 ኒው ዮርክ ላይ ሸክላ አስቀድተው፣ የእኛን ቅኝት ከጃዝና ከላቲን ምት ጋር ያገናኙ ሰው ናቸው። ኒው ዮርክ ያቀመሰቻቸው ነገር በአዲስ አበባ በኩል ዞሮ ተመለሰላት። የዋናው ዘፋኝ ወይም አቀናባሪ ስም እንዲህ ይጠራል፤ የኛም ሕግ፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 410፣ የከዋኞችን መብት ጭምር ያውቃል። ግን ዛሬ ኮምፒውተሩ ላይ ቁጭ ብሎ የስልሳዎቹን ሸክላ የሚቆርጥ የሰፈራችን ልጅ የድምፃዊውን ስም እንጂ ከኋላ ቤዝ የመታውን ሰው ስም ያውቃል? እኛስ አድማጮቹ?

ፋይፍ በማርች 2016 በስኳር በሽታው መዘዝ በ45 ዓመቱ አረፈ። ድምፁ ያለበት የመጨረሻ አልበማቸው በዚያው ዓመት ኖቬምበር ወጣ። በ2022 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት «ዘ ሎው ኤንድ ቲዎሪ»ን ተጠብቀው ሊቆዩ ከሚገባቸው ቅጂዎች ተርታ አስገባው። ትናንት «ይኼ ደግሞ ሙዚቃ ነው?» የተባለው ዛሬ ቅርስ ሆኗል፤ ነገ ደግሞ ሌላ ልጅ መጥቶ ይቆርጠዋል።

አልበሙን ካልሰማችሁት ጥሩ ማዳመጫ ፈልጋችሁ ስሙት። በመጀመሪያው ዙር ቃሉን ተዉትና ቤዙን ብቻ ተከተሉ። ከዚያ እቤት ያለውን የአባታችሁን ሸክላ ወይም ካሴት አውጡና እንደዚያው አድርጉ። ቤዙን የተጫወተው ማን እንደሆነም አባታችሁን ጠይቁ። እሳቸውም ላያውቁ ይችላሉ፤ ያኔ አብራችሁ ትፈልጋላችሁ።