ከነጋድራስ እስከ ጉምሩክ፦ የሲራራ ነጋዴ ሙያ

በየሱቃችንና በየመጋዘናችን ስለ ፕሮፌሽናሊዝም ሲነሣ ብዙዎቻችን ከቢሮና ከከረባት ጋር የመጣ ነገር ይመስለናል። ሰዓት ማክበር፣ ሒሳብ ማስረከብ፣ የራስን ኪስ ከሰው ገንዘብ መለየት፣ ሁሉንም ከፈረንጅ የተማርን አድርገን እናወራለን። በእኛ አገር ንግድ ግን ሙያ የነበረው ከቢሮ በፊት ነው፤ ያደገውም መንገድ ላይ ነው።

ከጎጃም ባሶ ገበያ ተነሥቶ በጎንደር በኩል ምጽዋ ለመድረስ የሲራራ ነጋዴ ወራት ይፈጅበት ነበር። በየኬላው ቀረጥ፣ በየበረሃው ሽፍታ አለ። ስለዚህ ነጋዴው ተሰባስቦ በአንድ አለቃ ሥር ይጓዛል። ነጋድራስ የሚባለው መጀመሪያ ይኸው የነጋዴዎች ራስ ነበር፤ ኋላ ነው መንግሥት ስሙን ወስዶ ለገበያና ለቀረጥ ሹም ያደረገው። የአለቃ ስም ከሹመት በፊት ከጓደኞች አመኔታ መገኘቱን ልብ ማለት ደግ ነው።

በሶማሌ ጠረፍ ደግሞ አባን ነበረ። በርበራ የሚገባ እንግዳ ነጋዴ ያለ አባን መነገድ አይሆንለትም። አባን አስተናጋጁ፣ አስተርጓሚው፣ ደላላውና ጠባቂው ነው፤ እንግዳው ቢዘረፍ ነውሩ ለአባኑና ለጎሣው ይተርፋል፤ ለድካሙም ድርሻውን ይወስዳል። የአውሮፓ ተጓዦች ስለ አባኖቻቸው አማርረው ጽፈዋል። እኛም በደላላ ያልተማረረበት ዘመን አናውቅም።

ዋናው የሙያ ፈተና ግን ሚዛንና ገንዘብ ነበር። ጠገራ ብሩ፣ ማለትም የማርያ ቴሬዛ ብር፣ በየትኛውም ዓመት ቢመታ የሚታይበት ዓመት 1780 ነው፤ ክብደቱ 28 ግራም ያህል። ተቀባዩ የንግሥቲቱን የደረት ጌጥና ዘውዷ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች እያየ ይመረምራል፤ የደበዘዘውን አልቀበልም ይላል። አሞሌ ጨው ቢሰበር ወይም ቢሸራረፍ ዋጋው ይወድቃል፤ ከአፋር ምድር በራቀ ቁጥር ደግሞ ይወደዳል። ፈረሱላ ዛሬ 17 ኪሎ ብለን እንገላገላለን፤ ያኔ ግን እንደ ቦታውና እንደ ዕቃው ይለያይ ነበር። የቡናው ፈረሱላና የዝሆን ጥርሱ ፈረሱላ አንድ ነው ብሎ የተነሣ ነጋዴ ገና መንገድ ሳይጀምር ከስሯል። ይህን ሁሉ በቃሉ ይዞ የሚያሰላ ሰው ባለሙያ ካልተባለ ማን ሊባል ነው?

ያለፈውን ስናወድስ ግን አንድ ነገር መዝለል አይገባንም። በእነዚሁ መንገዶች፣ በእነዚሁ ጠንቃቃ እጆች ሰውም ተሽጧል። ባሶ የባሪያ ገበያም ነበር። ቁጥሩ ትክክል፣ ቃሉ የተጠበቀ፣ ሥራው ግን ግፍ። ሙያ ዕቃው ምንድን ነው ብሎ ካልጠየቀ እስከዚህ ድረስ ይሄዳል።

ሌላም ጉድለት ነበረው፦ ዕውቀቱ በቤተሰብ ውስጥ ተዘግቶ የሚኖር ነበር። አባት ለልጁ፣ አጎት ለወንድሙ ልጅ ያሳያል፤ ባዳ አይገባበትም። ይህን የቀየረው ባቡርና ወረቀት ነው። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ባቡር ዝምድና አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የጭነት ወረቀት ነው፣ መነሻ ሰዓቱም የተጻፈ ነው። ማንበብና መጻፍ የሚችል የድሃ ልጅ ጣቢያ ወይም ጉምሩክ ቢሮ የሚገባበት በር ተከፈተ። በዚያው መስመር የባቡሩ ተቆጣጣሪ፣ ቀጥሎም የድሬዳዋ ነጋድራስ የሆነው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ ከሞተ በኋላ በ1924 በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፉ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ጥሬ ዕቃውን በርካሽ ሸጦ የተሠራውን በውድ እንደሚገዛ አስረድቷል። መጽሐፉን የጻፈው የጭነቱን መውጣትና መግባት በዓይኑ ያየ ሰው ነው፤ ለዚህም ይመስለናል ነጋዴ ሲያነበው የሚቀርበው።

ዛሬ መተማ፣ ሞያሌና ቶጎጫሌ ላይ ሁለቱም ዓይነት ሥራ ጎን ለጎን ይታያል። ዲክላራሲዮኑ በኮምፒውተር ይሞላል፤ ዕቃውን የሚቆጥረው ልጅ ግን የአክስት ልጅ ስለሆነ ደመወዙ አልተጻፈም፣ የዕረፍት ቀኑ አልታወቀም፣ ሲጎድል የሚጠየቅበት ሒሳብም ከማን እጅ እንደተረከበው የሚያሳይ ወረቀት የለውም። «ቤተሰብ ነው፣ ምን ውል ያስፈልገዋል?» እንላለን። ጎድሎ የተገኘ ዕለት ግን ሽማግሌ እንሰበስባለን፤ ሽማግሌዎቹም መጀመሪያ የሚጠይቁት «ስትረካከቡ ማን ነበር?» ብለው ነው።