ድል ያሠራው፣ ወረራ ያቃጠለው፦ የአራዳ ጊዮርጊስ ሕንፃ እንደ ታሪክ ምስክር



ከአብነት በመርካቶ በኩል ወደ ፒያሳ የሚያቀና መንገደኛ ስምንት ማዕዘን ካለው የአራዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ይደርሳል። የከተማዋ ዋና ገበያ ቀድሞ በዚህ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ኢጣሊያውያን በወረራው ዘመን ነዋሪውን በዘር ለይተው ለማስፈር ሲነሡ ገበያውን ወደ ምዕራብ አዛወሩት፤ ዛሬ መርካቶ የምንለው እርሱ ነው።

ስለ ካቴድራሉ ዘወትር የሚነገረው «የዓድዋ ምርኮኞች ሠሩት» የሚል ነው። የዘመን ቅደም ተከተሉ ግን ይህን አይደግፍም። ድሉ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ተገኘ፤ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. የሰላም ውል ተፈረመ፤ ምርኮኞቹም ብዙ ሳይቆዩ ወደ አገራቸው ተመለሱ። የአሁኑ ሕንፃ የተሠራው ግን በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ከ1905 እስከ 1911 ባለው ጊዜ ነው። ንድፉን ያወጣው ሴባስቲያኖ ካስታኛ ከምርኮ በኋላ በኢትዮጵያ የቀረ ኢጣሊያዊ ነበር፤ በግንባታው ደግሞ ግሪካዊው ኦርፋኒዴስ ተሳትፏል።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በአፈ ታሪኩ ውስጥ የምናየው የተሸናፊውን የግዳጅ ሥራ ነው፤ በማስረጃው ውስጥ የምናየው ግን ዳግማዊ ምኒልክ የባዕድ ባለሙያን ለራሳቸው ዓላማ ማሰማራታቸውን ነው። ስለዚህ የአውሮፓ አሠራር ስላለበት ብቻ ሕንፃውን «የቅኝ ግዛት ቅርስ» ማለት ስሕተት ነው።

ንግሥት ዘውዲቱ በ1909፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚሁ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ በተከተሉት የጭፍጨፋ ቀናት ፋሽስቶች ቤተ ክርስቲያኑን በእሳት አቃጠሉት። ያቃጠሉት የዓድዋን መታሰቢያና የንግሥናውን መንበር ጭምር ነበር። ከነፃነት በኋላ ታደሰ፤ በአፈወርቅ ተክሌ ሥራዎችም አጌጠ።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፊ ክፍል ፈርሷል። ካቴድራሉ ቆሞአል፤ ነገር ግን የቀድሞውን አራዳ የሚያስረዳው አካባቢ ሲጠፋ ሕንፃው ብቻውን የሚሰጠው ምስክርነት ይጎድላል። ስለዚህ ተማሪዎቻችን በአብነትም ሆነ በልደታ አንድ ነባር ቤት ሳይፈርስ መለካት፣ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ የሽማግሌዎችን ቃል መመዝገብና ከሰነድ ጋር ማገናዘብ ይጠበቅባቸዋል። ከፈረሰ በኋላ የሚቀረን አፈ ታሪኩ ብቻ ነው፤ እርሱን የምናርምበት ማስረጃ ግን አይኖረንም።