የተክሌ ዝማሜና የደብረ ታቦር ወንበር

አለቃ ገብረ ሐና ሲነሡ የሰሚው ጆሮ ቀልድ ይጠብቃል። ዳሩ ግን የፎገራው ሊቅ ለትውልድ ካወረሱት ሁሉ ክብደት ያለው በአቋቋም ትምህርት የተዉት ሥራ ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት በጎንደር የላይ ቤትና የታች ቤት ስልቶች ጸንተው ይሠራባቸው ነበር። አለቃ ገብረ ሐና የሸንበቆን በነፋስ መወዛወዝና የጣናን ማዕበል ተመልክተው አዲስ ዝማሜ እንዳወጡ ይተረካል። የጎንደር ሊቃውንት ግን ከነባሩ ሥርዓት የወጣ ነው ብለው አልተቀበሉትም። ልጃቸው አለቃ ተክሌ ከአባታቸው የተማሩትን ይዘው በደብረ ታቦር አስተማሩ፤ ስልቱም በእርሳቸው ስም «ተክሌ» ተባለ።

ትምህርቱ ደረጃ አለው። ተማሪው አስቀድሞ ቁም ዜማውን ያለ መሣሪያ ያጠናል። በዝማሜ መቋሚያውን ይዞ የአካሉን እንቅስቃሴ ከዜማው ጋር ያስማማል። በመረግድ ከበሮና ጸናጽል በዝግታ ይገባሉ፤ በጽፋት ምቱ ይፈጥናል፣ ጭብጨባውም ይከተላል። የድጓው ምልክት የዜማውን መውጣትና መውረድ ያመለክታል፤ የእጅንና የእግርን ልክ ግን የሚያርመው የመምህሩ ዓይን ነው። አንዱ ከቸኮለ የረድፉ ሁሉ ምት ስለሚፈርስ፣ ጀማሪው ከመምታቱ በፊት መስማትን ይማራል።

በጎንደር የተነቀፈው ስልት ዛሬ ከላይ ቤትና ከታች ቤት ጎን ቆሞ ይዘመማል። በደብረ ታቦር ወንበር ባይዘረጋለት ኖሮ ከአባትየው ጋር በተቀበረ ነበር።