የሦስት አገሮች ወሰን መገናኛ ነጥቦች፦ ምንነታቸው፣ አወሳሰናቸው እና የኢትዮጵያ ስድስቱ ነጥቦች

የሦስት አገሮች ግዛት በአንድ ቦታ ላይ ሲገናኝ ያ ቦታ የሦስትዮሽ ወሰን መገናኛ ነጥብ ይባላል። በዓለም ላይ ከ150 በላይ እንዲህ ያሉ ነጥቦች ይገኛሉ። አንዳንዶቹ በወንዝ መካከል፣ አንዳንዶቹ በተራራ ጫፍ ላይ፣ ሌሎቹ ደግሞ ምንም የተፈጥሮ ምልክት በሌለበት ሜዳ ላይ ናቸው። ኢትዮጵያ ስድስት ጎረቤቶች ያሏት፣ ዙሪያዋን በየብስ ወሰን የተከበበች አገር በመሆኗ ስድስት የመገናኛ ነጥቦች አሏት። ይህ ጽሑፍ የነጥቦቹን ምንነት፣ ታሪካዊ አመጣጣቸውን እና በአካባቢው ለሚኖረው ሕዝብ ያላቸውን ትርጉም ያብራራል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የነጥቦቹ ቁጥር እንዴት ስድስት ደረሰ?

የመገናኛ ነጥቦች ቁጥር ከአገሮች መመሥረት ጋር ይለዋወጣል። ኤርትራ ነጻ አገር እስከሆነችበት እስከ 1993 ድረስ ኢትዮጵያ የባሕር ዳርቻ ስለነበራት ጎረቤቶቿ ጅቡቲ፣ ሶማሊያ፣ ኬንያ እና ሱዳን፣ የመገናኛ ነጥቦቿም ሦስት ብቻ ነበሩ። ከ1993 በኋላ ጎረቤቶቿ አምስት ሲሆኑ ወሰኗ ሙሉ በሙሉ በየብስ የተዘጋ በመሆኑ ነጥቦቹም አምስት ሆኑ። ደቡብ ሱዳን ጁላይ 9 ቀን 2011 ነጻነቷን ስታውጅ ደግሞ ቀድሞ ከሱዳንና ከኬንያ ጋር የነበረው አንድ ነጥብ ቀርቶ በምትኩ ሁለት ነጥቦች ተፈጠሩ። በዚህም ጠቅላላ ቁጥሩ ስድስት ደረሰ።

የሕግ መሠረት

የአንድ ወሰን አወሳሰን በአብዛኛው ሁለት ደረጃዎች አሉት። የመጀመሪያው ወሰኑን በስምምነት ሰነድና በካርታ ላይ መወሰን ሲሆን፣ ሁለተኛው በመሬት ላይ ምልክት በመትከል ማካለል ነው። የሁለት አገሮች ወሰን በሁለቱ ስምምነት ሊጠናቀቅ ይችላል። የሦስትዮሽ ነጥብ ግን ከዚህ ይለያል። ሁለት አገሮች የሚፈራረሙት ውል ሦስተኛውን አገር ያለ ፈቃዱ የማያስገድድ በመሆኑ፣ ነጥቡ የመጨረሻ ሕጋዊ ዕውቅና የሚያገኘው ሦስቱም አገሮች ሲስማሙበት ነው።

ይህ ጉዳይ በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤትም ተነሥቷል። ፍርድ ቤቱ በ1986 በቡርኪና ፋሶ እና በማሊ መካከል በሰጠው ውሳኔ፣ የሁለቱን አገሮች ወሰን እስከ ምሥራቃዊ መጨረሻው መወሰን እንደሚችል፣ ነገር ግን በጉዳዩ ተካፋይ ካልሆነችው ከኒጀር ጋር የሚገናኙበትን የሦስትዮሽ ነጥብ እንደማይወስን አመልክቷል።

የኢትዮጵያ ወሰኖች መነሻ በአብዛኛው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት የተፈረሙ ውሎች ናቸው። ከፈረንሳይ ጋር በ1897፣ ከብሪታንያ ጋር በ1897፣ በ1902 እና በ1907፣ ከጣሊያን ጋር ደግሞ በ1900፣ በ1902 እና በ1908 የተደረጉት ውሎች የዛሬዎቹ መስመሮች ምንጭ ናቸው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1964 በካይሮ ባካሄደው የመሪዎች ጉባኤ አባል አገሮች ነጻ ሲወጡ የነበሩትን ወሰኖች እንዲያከብሩ ወስኗል። በመሆኑም ከመቶ ዓመት በፊት የተጻፉ ሐረጎች ዛሬም ሕጋዊ ክብደት አላቸው።

ስድስቱ ነጥቦች

1. ኢትዮጵያ፣ ኤርትራ እና ሱዳን። ይህ ነጥብ በሰሜን ምዕራብ በተከዜ ወንዝ ላይ፣ በሑመራ አካባቢ ይገኛል። ወንዙ በታችኛው ተፋሰሱ ሰቲት ተብሎ ይጠራል። የኤርትራዋ ኦም ሐጀር እና የሱዳኗ ሐምዳይት በቅርብ ርቀት ላይ ናቸው።

2. ኢትዮጵያ፣ ኤርትራ እና ጅቡቲ። ነጥቡ የሚገኘው ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በሙሳ ዓሊ ተራራ ነው። ተራራው እሳተ ገሞራ የፈጠረው ሲሆን በጅቡቲ ከፍተኛው ሥፍራ ነው። በሦስቱም አገሮች በኩል የሚኖረው ሕዝብ አፋር ነው። ሙሳ ዓሊ በአገራችን ታሪክም ልዩ ሥፍራ አለው፤ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦክቶበር 1935 መጀመሪያ የጣሊያን ጦር ወሰን መጣሱን ለመንግሥታቱ ማኅበር ሲያስታውቁ የጠቀሱት ይህን አካባቢ ነበር።

3. ኢትዮጵያ፣ ጅቡቲ እና ሶማሊያ። የጅቡቲና የሶማሊያ ወሰን በባሕር ዳር ከምትገኘው ከሎያዳ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ በመዝለቅ ከኢትዮጵያ ወሰን ጋር ይገናኛል። የዚህ መስመር መነሻ ብሪታንያና ፈረንሳይ በ1888 ያደረጉት ስምምነት ነው። አካባቢው የኢሳ ሶማሌ አርብቶ አደሮች መኖሪያ ነው።

4. ኢትዮጵያ፣ ሶማሊያ እና ኬንያ። ይህ ነጥብ በዳዋ ወንዝ አካባቢ ሲሆን፣ የኢትዮጵያዋ ሱፍቱ፣ የኬንያዋ ማንዴራ እና የሶማሊያዋ በለድ ሐዎ እርስ በርስ ተቀራርበው የሚገኙበት ነው። ዳዋ ከዚህ አልፎ ዶሎ ላይ ከገናሌ ጋር ሲቀላቀል የጁባ ወንዝ ይፈጠራል። ኢትዮጵያና ኬንያ የጋራ ወሰናቸውን በ1970 በተፈረመ ውል አጽንተዋል።

5. ኢትዮጵያ፣ ኬንያ እና ደቡብ ሱዳን። ነጥቡ ከቱርካና ሐይቅ በስተሰሜን ምዕራብ፣ የኢሌሚ ሦስት ማዕዘን ከሚባለው ሥፍራ ጋር የተያያዘ ነው። ሥፍራው ስሙን ያገኘው ከአንድ የአኙዋ ባላባት ነው። በቅኝ ግዛት ዘመን በዚህ አካባቢ የተለያዩ የአስተዳደር መስመሮች በየጊዜው ስለተሠመሩ፣ የመገናኛ ነጥቡ የሚያርፍበት ቦታ በየትኛው መስመር እንደሚወሰድ ይለያያል። ዳሰነች፣ ኛንጋቶም፣ ቱርካና እና ቶፖሳ በግጦሽና በውኃ የሚጋሩት ምድር ነው።

6. ኢትዮጵያ፣ ሱዳን እና ደቡብ ሱዳን። ይህ በ2011 የተፈጠረው አዲሱ ነጥብ ነው። የምሥራቁ መስመር በ1902 ውል ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ የሁለቱ ሱዳኖች ወሰን ደግሞ ሱዳን ነጻ በወጣችበት በጃንዋሪ 1 ቀን 1956 የነበረውን የአስተዳደር መስመር ይከተላል። የሦስትዮሽ ነጥቡ የመጨረሻ አወሳሰን ከዚህ መስመር መካለል ጋር የተሳሰረ ነው።

ወሰን የማይከፍለው ሕይወት

በእነዚህ ሥፍራዎች የሚኖረው ሕዝብ በአብዛኛው አርብቶ አደር ነው። ዝናብ የዘነበበትን ተከትሎ ከብቱን ይዞ ይንቀሳቀሳል። ጋብቻው፣ ገበያውና የሽምግልና ሥርዓቱ በሦስቱም አገሮች የተዘረጋ ነው። ይህን እውነታ የቀደሙት ተዋዋዮችም አልሳቱትም፤ ኢትዮጵያና ብሪታንያ በ1897 በተለዋወጡት ደብዳቤ በወሰኑ ግራና ቀኝ የሚኖሩ ጎሣዎች በግጦሽና በውኃ ጉድጓዶች መጠቀማቸውን እንዲቀጥሉ ተስማምተው ነበር።

የእንስሳት ጤና ሌላው ማሳያ ነው። የቀንድ ከብት ደስታ በሽታ ከምድር ገጽ መጥፋቱ በ2011 በይፋ ታውጇል። በሽታው ከመጥፋቱ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ተጠልሎ ከቆየባቸው አካባቢዎች ዋነኛው ደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያን፣ ሰሜን ምሥራቅ ኬንያን እና ደቡብ ሶማሊያን የሚያጠቃልለው የግጦሽ ምድር ነበር። አንዱ አገር ብቻውን ከብቱን ቢከትብ በሽታው ከጎረቤት መንጋ ጋር ተመልሶ ይመጣ ስለነበር፣ ውጤቱ የተገኘው በሦስቱም በኩል ክትትልና ቅንጅት በመደረጉ ነው።

በተቃራኒው፣ ሦስት የሕግ ሥርዓቶች በሚገናኙበት ቦታ ላይ ክፍተት ሲፈጠር ለኮንትሮባንድ፣ ለሕገ ወጥ የጦር መሣሪያ ዝውውር፣ ለሰዎች ንግድ እና ለከብት ዝርፊያ በር ይከፈታል። በአንዱ አገር ወንጀል ፈጽሞ በጥቂት ሰዓት የእግር ጉዞ ወደ ሌላው መሸሽ ይቻላልና የሁለት አገሮች ትብብር ብቻውን አይበቃም። የሦስተኛው ተሳትፎ ወሳኝ ነው።

የትብብር ማዕቀፎች

የአፍሪካ ኅብረት በ2007 የድንበር መርሐ ግብሩን የጀመረ ሲሆን፣ ጁን 7 በየዓመቱ የአፍሪካ የድንበር ቀን ሆኖ ይታሰባል። ኅብረቱ በ2014 ያጸደቀው፣ የኒያሜ ስምምነት በመባል የሚታወቀው ሰነድ ወሰን ተሻጋሪ ትብብርን የሚመለከት ነው። ኢጋድም የሰዎችን ነጻ እንቅስቃሴና የአርብቶ አደሮችን ወቅታዊ ዝውውር የሚመለከቱ ፕሮቶኮሎችን አዘጋጅቷል።

የሌላው ዓለም ልምድም ትምህርት ይሰጣል። ዛምቢያ፣ ቦትስዋና፣ ዚምባብዌ እና ናሚቢያ በሚቀራረቡበት በካዙንጉላ፣ ቀድሞ በጀልባ ብቻ ይሻገር የነበረው የዛምቤዚ ወንዝ በ2021 በተመረቀ ድልድይ ተገናኝቷል። በአውሮፓም ኔዘርላንድስ፣ ቤልጅየም እና ጀርመን የሚገናኙበት የቫልስ ኮረብታ ዛሬ የጎብኚዎች መዳረሻ ነው።

ከኅብረተሰቡ የሚጠበቅ

በወሰን አካባቢ የሚኖሩ ዜጎች የወሰን ምልክቶችን የመጠበቅ ድርሻ አላቸው። የወሰን ድንጋይ ማንሣት፣ ማፍረስ ወይም ማዛወር በሕግ የሚያስጠይቅ ከመሆኑም በላይ በጎረቤታሞች መካከል አለመግባባት ሊያስነሣ ይችላል። ምልክቱ በጎርፍ ወይም በሌላ ምክንያት ተነቅሎ ከተገኘ፣ ነዋሪው ራሱ ለመትከል ሳይሞክር ለአካባቢው አስተዳደር ማሳወቅ ይገባዋል። ወደ ጎረቤት አገር የሚደረግ ጉዞና ንግድ በተፈቀዱ ኬላዎች በኩል ቢሆን፣ ከብቶችም ከመንቀሳቀሳቸው በፊት ቢከተቡ ጥቅሙ በቅድሚያ ለነዋሪው ነው።

የሦስትዮሽ መገናኛ ነጥብ በካርታ ላይ ሲታይ ጠብታ ቀለም ያህል ነው። በመሬት ላይ ግን የሦስት መንግሥታት ኃላፊነት የሚጀምርበት፣ የአንድ ሕዝብ ኑሮም የሚቀጥልበት ሥፍራ ነው። ወሰኑ ግልጽ ሆኖ ሲከበርና ጎረቤታሞች ሲተባበሩ፣ ከመሐል አገር ርቆ የሚኖረው ዜጋ የሰላምና የልማት ተጠቃሚ ይሆናል።