ተሸናፊ ይከፍላል፦ የጌም ቤቶችና የተዘነጉ ጌሞች ታሪክ በጎጃም ከተሞች

ጌም ቤት በጎጃም ከተሞች አብዛኛውን ጊዜ ከመንገድ ዳር ካሉ ሱቆች አንዷ ክፍል ናት። ሁለት ወይም ሦስት ቴሌቪዥን፣ ከየቴሌቪዥኑ ሥር አንድ ፕሌይስቴሽን፣ ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር፣ በሩ ላይ ደግሞ ብርሃን እንዳይገባ የተሰቀለ መጋረጃ ይበቃታል። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ላይ የሚገኙት ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ለእንዲህ ዓይነቱ ንግድ የተመቹ ከተሞች ናቸው። ከገጠር ስንቃቸውን ይዘው መጥተው፣ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ተማሪዎች አሉ፤ ገበያ የሚወጡ ወጣቶች አሉ፤ መኪናቸው እስኪሞላ የሚጠብቁ ረዳቶች አሉ። ደምበጫ በሀገር የምትታወቀው በአረቄዋ ነው፤ ዕድሜው ለአረቄ ቤት ያልደረሰ ልጅ ግን የሚሰበሰበው ሌላ ቦታ ነው።

በእነዚህ ቤቶች ያደገ ትውልድ በፍቅር የሚያነሳቸው ጌሞች በዓለም የጌም ታሪክ ውስጥ ከሚወደሱት ጋር ብዙም አይገጥሙም። ሌላው ዓለም የሚያደንቃቸው እዚህ ሳይታወቁ አልፈዋል፤ ሌላው ዓለም ንቆ የተዋቸው እዚህ ነግሠዋል። ምርጫውን ያደረጉት ደግሞ የጌሙ ጥራት ወይም የሠሪው ዝና ሳይሆኑ የመብራቱ ሁኔታ፣ የሲዲው ዋጋና የአከፋፈሉ ሥርዓት ናቸው።

የአከፋፈሉ ሥርዓት ከጌም ቤቱ ይቀድማል። ቪዲዮ ጌም ከመምጣቱ በፊት በከተሞቹ ጆተኒና ከረንቡላ ነበሩ። የጆተኒ ጠረጴዛ መብራት አይፈልግም፤ ደጅ አውጥቶ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ሒሳቡም በጨዋታ ነው። የተሸነፈ ይከፍላል፣ ያሸነፈ ሳይነሳ ቀጣዩን ተፎካካሪ ይጠብቃል። ጎበዝ የሆነ ልጅ ኪሱ ባዶ ሆኖም ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሊጫወት ይችላል ማለት ነው። ይህ ደንብ አንድም ነገር ሳይለወጥ ወደ ጌም ቤት ተሸጋግሯል።

ወደ ልጆች እጅ ቀድሞ የገባው የኤሌክትሮኒክስ ጨዋታ ግን ቴሌቪዥን የማይፈልገው ብሪክ ጌም ነው። በሁለት ትናንሽ ባትሪ ድንጋዮች የሚሠራ፣ ጥቁርና ግራጫ ነጠብጣቦች ብቻ የሚያሳይ የእጅ መጫወቻ ነበር። መያዣው ላይ «9999 በ1» የሚል ጽሑፍ ቢኖርም ውስጡ ያሉት ጨዋታዎች ጥቂት ናቸው፤ የቀረው ቁጥር ያው ጨዋታ በፍጥነትና በደረጃ እየተለያየ የሚደገምበት ነው። ዋናው ጨዋታ ሶቪየታዊው የኮምፒውተር ባለሙያ አሌክሲ ፓዢትኖቭ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ሞስኮ ውስጥ የፈጠረው ቴትሪስ ነው። በቻይና ፋብሪካዎች ያለ ፈቃድ ተባዝቶ የሠሪው ስም ሳይጻፍበት በየሱቁ ተሸጠ። የጌም ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ቴትሪስ ብዙ መጻሕፍት ጽፈዋል፤ ብዙ የአፍሪካና የእስያ ልጆች ቴትሪስን ያወቁበት ይህ ርካሽ ፕላስቲክ ግን በግርጌ ማስታወሻ እንኳ እምብዛም አይገኝም።

ፕሌይስቴሽን በጃፓን ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1994 ሲሆን፣ ሁለተኛው ፕሌይስቴሽን እ.ኤ.አ. በ2000 ተከተለው። ወደ ኢትዮጵያ ከተሞች የገቡት በአብዛኛው ያገለገሉ መሣሪያዎች ናቸው፤ የተቀዳ ሲዲ እንዲያነቡም በውስጣቸው ትንሽ ቺፕ ይበየድባቸዋል። ኢትዮጵያ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅን ያወጣችው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ከአዋጁ በኋላም ቢሆን የተቀዳ ሲዲ ከመርካቶ ተነሥቶ በአውቶቡስ ወደ ክፍለ ሀገር መጓዙን አላቆመም። ያለዚህ ሕገ ወጥ ንግድ ጌም ቤት የሚባል ነገር ባልኖረ ነበር፤ የአንድ ዋና ሲዲ ዋጋ ከአንዲት ትንሽ ጌም ቤት የብዙ ቀን ገቢ ይበልጣልና።

ከሁሉም የነገሠው የኮናሚ ኩባንያ የእግር ኳስ ጨዋታ ነው። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1995 «ዊኒንግ ኢለቨን» ተብሎ የጀመረው ይህ ጌም በኋላ በአውሮፓ ገበያ «ፕሮ ኤቮሉሽን ሶከር»፣ በተጫዋቾች አፍ ደግሞ «ፔስ» ተባለ። ከተቀዱት ሲዲዎች መካከል የጃፓንኛው ቅጅ ይገኝ ነበር፤ ልጆቹ ፊደሉን ሳያውቁ ቡድን መምረጫው ስንተኛው መስመር እንደሆነ፣ አሰላለፍ የሚቀየረው በየትኛው ቁልፍ እንደሆነ በቃላቸው ያዙት። ፈቃድ ያልተገኘላቸው ክለቦችና ተጫዋቾች በተለወጠ ስም ስለሚቀርቡ፣ በስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ትቶ ተጫዋቹን በፀጉሩና በመለያ ቁጥሩ መለየት የችሎታ ምልክት ነበር።

የዚህ ጌም ንግሥና ምክንያቱ የኳስ ፍቅር ብቻ አይደለም። አንድ ግጥሚያ በአሥር ደቂቃ ገደማ ያልቃል፤ ሁለት ሰው ያጫውታል፤ አሸናፊና ተሸናፊ ይለያል፤ የቀሩት ተመልካቾች ተራቸውን እየጠበቁ ያጨበጭባሉ። ለባለቤቱ ሒሳቡ ግልጽ ነው። እንደ «ተከን 3» ያለ የድብድብ ጌም ደግሞ ከዚያም ያጠረ ነው። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው «ፋይናል ፋንታሲ 7» ሦስት ሲዲ የሞላ፣ ብቻ የሚጫወቱት፣ ለመጨረስ ብዙ አሥር ሰዓታት የሚጠይቅ ታሪክ ነው። የደረሱበትን ለማስቀመጥ ሜሞሪ ካርድ ያስፈልገዋል፤ ጌም ቤት ውስጥ ያለ ካርድ ደግሞ የሁሉም ስለሆነ አንዱ ያስቀመጠውን ሌላው ያጠፋዋል። በሌላው ዓለም የዘመኑ ታላቅ ሥራ የተባለ ጌም በተሸናፊ ይከፍላል ደንብ ላይ ምንም ቦታ አልነበረውም። ከረጃጅሞቹ ጌሞች ጎልቶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው «ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ» ነው፤ እሱም ታሪኩን ማንም ሳይከተል፣ በሰዓት እየተከፈለበት መኪና መንጃ ሆኖ ቀረ።

የመብራት መቋረጥ የራሱን ሕግ ወልዷል። ግጥሚያው መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ ማን ይከፍላል የሚለው ክርክር የማይነሣበት ጌም ቤት አልነበረም፤ ብይኑም የባለቤቱ ነበር። በ2001 እና በ2002 ዓ.ም. በመላ ሀገሪቱ መብራት በፈረቃ በሚታደልበት ጊዜ ክርክሩ የዕለት ተዕለት ሆነ። 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ጣቢያ በ2002 ዓ.ም. ሥራ ቢጀምርም፣ መቆራረጡ ከከተሞቹ ፈጽሞ አልጠፋም።

ወላጆችና መምህራን ጌም ቤትን ከቪዲዮ ቤትና ከጫት ቤት ጋር ደምረው አዩት። በተለያዩ ከተሞች ትምህርት ቤት አጠገብ ያሉት በዘመቻ ሲታሸጉ ኖረዋል። ስጋታቸው መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም፤ ለደብተር የተላከ ብር በዊኒንግ ኢለቨን የሚበላበት ጊዜ ነበር። ዩኒፎርሙን አውልቆ ቦርሳው ውስጥ የከተተ ተማሪ የጌም ቤት የተለመደ ደንበኛ ነው።

ያለ ክፍያና ያለ መጋረጃ የተስፋፋው ጌም ግን በስልክ የመጣው እባብ ነው። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1976 ከወጣው «ብሎኬድ» ከሚባል የሳንቲም ጌም የተወረሰ ሲሆን፣ ፊንላንዳዊው ታኔሊ አርማንቶ እ.ኤ.አ. በ1997 ለኖኪያ 6110 አዘጋጀው። ኢትዮጵያ የሞባይል አገልግሎት የጀመረችው በ1991 ዓ.ም. ሲሆን ክፍለ ሀገር እስኪደርስ ጥቂት ዓመታት ወስዷል። በዓለም ከ250 ሚሊዮን በላይ የተሸጠው ኖኪያ 1100 የእጅ ባትሪ መብራት ያለው፣ አቧራ የማይፈራ፣ ባትሪው ቶሎ የማያልቅ ስልክ በመሆኑ ለገጠርም ለከተማም ተስማማ። በውስጡ እባቡና «ስፔስ ኢምፓክት» የተባለ የሰማይ ውጊያ ነበሩበት። ስልኩ የአባወራው ስለሆነ ጨዋታው የሚገኘው በልመና ነበር፤ ከፍተኛው ነጥብ ስልኩ ላይ ተመዝግቦ ስለሚቀርም አንድ ቤተሰብ ሳምንቱን ሙሉ በዚያ ቁጥር ሊፎካከር ይችል ነበር። እባቡ ሲረዝም መውጫ እያጣ በራሱ ጅራት ይሰናከላል። ማሸነፍ የሚባል ነገር የለውም፤ የሚዘገይ ሽንፈት ብቻ ነው።

በሀገር ውስጥ የተሠሩት ጌሞች ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጡ ናቸው። አዲስ አበባ የሚገኘው የቅኔ ጌምስ ድርጅት ሥራ የሆነው «ኩኩሉ» እ.ኤ.አ. በ2018 ወጣ፤ ለበዓል ከመታረድ የምታመልጥ ዶሮ እየሮጠች እንቅፋት የምትዘልበት የስልክ ጌም ነው። ያው ድርጅት ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቶታል። ለገበጣ ይህ ዘግይቶ የደረሰው ክብር ነው። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያና በአካባቢዋ የሚገኙ የገበጣ ዓይነቶችን ሰብስቦ ሲያሳትም ከመቶ የሚበልጡ አግኝቷል፤ ከነዚህ አንዳንዶቹ ሉዲ በተባለው ጥንታዊ ጨዋታዎችን በኮምፒውተር በሚያጫውት የአውሮፓ የምርምር ሥራ ውስጥ ተካትተዋል።

ከገበጣ ሌላ የሀገሩ ቼዝ የሆነው ሰንጠረዥ አለ። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በራስ አሊ ዘመን በሀገሪቱ የኖረው እንግሊዛዊው ዋልተር ፕላውደን ደንቡን በዝርዝር ጽፎታል። ገበታው ጥቁርና ነጭ ዳማ ሳይሆን መስመር የተሰፋበት ጨርቅ ነው። ሁለቱ ተጫዋቾች መጀመሪያ ላይ ተራ አይጠብቁም፤ ወረራ በሚባለው ክፍል እያንዳንዱ የሌላውን እያየ የፈለገውን ያህል ጠጠሮች ያንቀሳቅሳል፤ ተራ የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። ንጉሡ በየትኛው ጠጠር መረታቱም የድሉን ክብር ይለውጠዋል። ሁለት ተፋላሚዎች ተራ ሳይጠብቁ በአንድ ጊዜ ሠራዊት የሚያሰልፉባቸው የስልት ጌሞች በኮምፒውተር ዓለም በሰፊው የታወቁት ግን እ.ኤ.አ. በ1992 «ዱን 2» ከወጣ በኋላ ነው። ከዚያው ዘር የሆነው «ኤጅ ኦቭ ኢምፓየርስ 2» እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው የአፍሪካ ክፍል ኢትዮጵያውያንን አማርኛ የሚናገር ሠራዊት፣ ንግሥት ዮዲትን ደግሞ የዘመቻ ባለታሪክ አድርጎ አቅርቧል። የሰንጠረዡ ወረራም ለጌም ሠሪ የተዘጋጀ ሐሳብ ነው።

የሶኒ ኩባንያ ሁለተኛውን ፕሌይስቴሽን መሥራት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ ላይ ነው። በጌም ቤቶች ሲዲው በፍላሽና በሃርድ ዲስክ ተተካ፤ ቀጥሎም አዳዲሶቹ መሣሪያዎች ዋጋቸው ከትንንሾቹ ቤቶች አቅም በላይ ሆነ። ስማርት ስልክ ሲስፋፋ ጌም ከሰው ስልክ ወደ ሰው ስልክ በሜሞሪና በሼር መተላለፍ ጀመረ፤ ተሸናፊ ይከፍላል የሚለው ደንብም ከፋይ አጣ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት ሲቋረጥ በመስመር ላይ የሚካሄዱት ጌሞች በአንድ ቀን ዝም አሉ። ያን ጊዜ የሠሩት ኢንተርኔት የማያስፈልጋቸው ጌሞች ናቸው።